ትንንሽ ስዕል በየሳምንቱ፦ ጀበና፣ ሲኒ እና ፊደል በ16 በ16 ፒክስል

በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይወጣል። «ኩባያ» ሊሆን ይችላል፣ «ዝናብ» ሊሆን ይችላል፣ «የተረሳ በር» ሊሆን ይችላል። ከርዕሱ ጋር ገደብ አብሮ ይመጣል፦ ስዕሉ ከዚህ መጠን አይብለጥ፣ ከዚህ በላይ ቀለም አይኑረው፣ ከእሁድ በፊት ይግባ። ከተለያየ አገር ያሉ ሰዎች ያንኑ ርዕስ ይዘው ይስላሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም ጎን ለጎን ይታያል። ሳምንታዊ የስዕል ቻሌንጅ ማለት ይኸው ነው።

እንዲህ ዓይነት ቻሌንጆች ብዙ ናቸው። «ኢለስትሬሽን ፍራይዴይ» በየሳምንቱ አንድ ቃል በመስጠት ይታወቃል። አሜሪካዊው ሰዓሊ ጄክ ፓርከር በ2009 የጀመረው «ኢንክቶበር» ለኦክቶበር ወር 31 ቀናት 31 የቀለም ብዕር ስዕል ይጠይቃል፤ «ኢንክቶበር 52» የተባለው ዘሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ርዕስ አለው። «ፒክስል ጆይንት» ላይ ያለው ሳምንታዊ ቻሌንጅ በፒክስል ስዕል ላይ ብቻ የሚያተኩር ሲሆን መጠንና የቀለም ብዛት ይገድባል። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ስዕል ለማይችል ዴቨሎፐርም፣ ታብሌትና ልዩ ብዕር ለሌለው ተማሪም በሩ ክፍት ነው። አይጥ (ማውስ) ወይም የስልክ ስክሪን ይበቃል።

ለምን ትንሽ?

ትንሽነት በመጀመሪያ የማሽን ችግር ነበር። በ1981 በወጣው «ዶንኪ ኮንግ» ጨዋታ ውስጥ ኋላ ማሪዮ የተባለው ገጸ ባሕርይ የተሳለው በጣም በጥቂት ፒክስሎች ነው። ሺገሩ ሚያሞቶ ባርኔጣ ያደረገለት ፀጉር መሳል ስለሚያስቸግር፣ ፂም ያበጀለት ደግሞ አፍ ሳይስል አፍንጫው ጎልቶ እንዲታይ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው መልክ ከቦታ ማነስ የተወለደ ነው።

በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር አይኮኖችም እንዲሁ ናቸው። ሱዛን ኬር 32 በ32 በሆነ ፍርግርግ ላይ፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ፣ ፈገግ የሚለውን ኮምፒውተር ሳለች። መጀመሪያ የሠራችው በኮምፒውተር ሳይሆን ካሬ ባለው ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ቤት በመሙላት ነበር። በ1999 ደግሞ ሺገታካ ኩሪታ ለጃፓኑ ኤንቲቲ ዶኮሞ 176 ኢሞጂዎችን 12 በ12 ፒክስል ላይ አዘጋጀ። እነዚያ ስዕሎች በ2016 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል።

ቤት እየቆጠሩ መሳል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔ ጥበብ ሲያወጣ ክር ይቆጥራል፤ መሶብ የምትሰፋ ሴት አለላውን የምትቀያይረው በየስፌቱ ነው። መስቀሉም፣ አልማዙም፣ ደረጃ መሰሉ ጠርዝም የሚወጣው ከአንድ ቋሚ መለኪያ ነው። የእናታችሁን ቀሚስ ጥለት በስልክ አንስታችሁ አቅርቡት፤ የፒክስል ስዕል ታገኛላችሁ።

ዛሬ የማሽኑ ችግር የለም፤ ገደቡ ግን በፈቃድ የቀረ ነው። የተሰጠው ቦታ 256 ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ለምን እዚያ እንደተቀመጠች መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። ደግሞም ያልቃል። ትልቅ ስዕል ጀምሮ መተው ቀላል ነው፤ 16 በ16 ግን አንድ ማታ ይበቃዋል።

ለኮምፒውተሩ ስዕሉ ምንድን ነው?

ሒሳቡን እንሥራው። 16 በ16 ማለት 256 ፒክስል ነው። 4 ቀለም ብቻ ከተጠቀማችሁ እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 3 ያለ ቁጥር ነው፤ ይህን ለመያዝ 2 ቢት ይበቃል። 256 ሲባዛ በ2፣ 512 ቢት፣ ማለትም 64 ባይት። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ሙሉው ስዕል ከ21 ፊደላት መልእክት በ1 ባይት ብቻ ይበልጣል።

ቀለሙ ራሱ ስዕሉ ውስጥ አይቀመጥም። «ፓሌት» የሚባል አነስተኛ ሠንጠረዥ አለ፤ 0 ማለት ክሬም፣ 1 ማለት ጥቁር ቡናማ እያለ ይዘረዝራል። ፒክስሉ የሚይዘው የሠንጠረዡን ተራ ቁጥር ነው። ስለዚህ ፓሌቱ ውስጥ አንድ መስመር ብትለውጡ ቀን የነበረው ስዕል ሳይነካ ሌሊት ይሆናል። የድሮ ጨዋታዎች አንዱን ጠላት በቀይና በሰማያዊ የሚያሳዩት በዚህ ዘዴ ነበር።

በ1989 የወጣው ጌም ቦይ የሚሠራውም እንዲሁ ነው፦ 8 በ8 የሆኑ ጡቦች፣ 4 የግራጫ ደረጃ፣ ለአንድ ጡብ 16 ባይት። የዛሬው «ፒኮ-8» የተባለ ምናባዊ ኮንሶልም ሆን ብሎ 128 በ128 ስክሪንና 16 ቀለም ብቻ ይሰጣል።

አንድ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። ያንኑ 64 ባይት ስዕል በፒኤንጂ ስታስቀምጡት ገና ፒክስሎቹ ሳይጻፉ 69 ባይት ይወጣል፦ 8 ባይት መለያ፣ 25 ባይት የስፋትና ቁመት መግለጫ፣ 24 ባይት ባለ 4 ቀለም ፓሌት፣ 12 ባይት መዝጊያ። ከስዕሉ ፖስታው ይከብዳል።

ጀበና በ16 በ16

የሳምንቱ ርዕስ «ኩባያ» ወይም «ማለዳ» ነው እንበል። በስልካችሁ የኢሞጂ ሰሌዳ ላይ የሻይ ማፍሊያ አለ፣ የሩዝ ብስኩት አለ፤ ጀበና ግን የለም። ስለዚህ ጀበና እንሳል።

ከቀለም በፊት ጥላውን ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀለም አውጡ። ጥላው ብቻውን ጀበና ካልመሰለ ምንም ቀለም አያድነውም። ረድፎቹን እንዲህ መከፋፈል ይቻላል፦

• የላይኛው 1 ረድፍ ባዶ
• 1 ረድፍ ለውታፉ
• 4 ረድፍ ለአንገቱ፣ ስፋቱ 3 ፒክስል
• 8 ረድፍ ለሆዱ፣ ስፋቱ ከላይ ወደ ታች 5፣ 7፣ 9፣ 9፣ 9፣ 9፣ 7፣ 5
• 1 ረድፍ ለማቶቱ፣ ስፋቱ 9
• የታችኛው 1 ረድፍ ባዶ

ሁሉም ስፋት ጎዶሎ ቁጥር መሆኑን አስተውሉ። ጎዶሎ ስፋት መሃል አለው፤ 3 ፒክስል አንገት በ9 ፒክስል ሆድ ላይ ልክ መሃሉ ላይ ይቀመጣል። አንገቱን 4 ብታደርጉት ግን ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ግማሽ ፒክስል የሚባል ነገር የለም።

እጀታው ከአንገቱ ወጥቶ ሆዱ ላይ የሚያርፍ የ1 ፒክስል መስመር ነው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ቢያንስ 2 ፒክስል ባዶ ተዉ። 1 ብቻ ከሆነ ስዕሉ በትክክለኛ መጠኑ ሲታይ ቀዳዳው ይደፈንና ጀበናው ጉብ ያለ ድንጋይ ይመስላል። ባዶው ቦታም የስዕሉ አካል ነው።

ቀጥሎ ጠርዙን መርምሩ። ጥሩ ኩርባ የደረጃዎቹ ርዝመት በሥርዓት የሚቀንስ ነው፦ 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 2፣ 3። ቅደም ተከተሉ 3፣ 1፣ 2፣ 1 ሆኖ ሲዘባረቅ ዓይን መሰባበሩን ወዲያው ያየዋል። ኩርባ አልሆን ሲላችሁ በእጅ ከመሞከር ደረጃዎቹን ቁጠሩ።

አሁን ቀለም። ጀበና ጥቁር ነው፤ ቢሆንም ንጹሕ ጥቁር ብታደርጉት ክብነቱ ይጠፋል። 4 ቀለም ይበቃል፦ ፈዛዛ ዳራ፣ በጣም ጥቁር ቡናማ፣ መካከለኛ ቡናማ፣ እና አንድ ነጸብራቅ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ከላይ ግራ ይሁን። መካከለኛው ቡናማ በግራ በኩል፣ ጥቁሩ በቀኝና በታች፣ ነጸብራቁ ሆዱ ላይ 2 ፒክስል ብቻ። ብዙ ጀማሪ ጠርዙን ዙሪያውን አጥቁሮ መሃሉን ያበራል፤ ውጤቱ ከሸክላ ይልቅ የተነፋ ትራስ ይመስላል። ጥላውን ወደ ሐምራዊ፣ ብርሃኑን ወደ ቢጫ ትንሽ ማዘንበል ደግሞ 4 ቀለምን እንደ 8 ያስመስላል።

ፊደል ሲጠብ

ይህ ልምምድ ለአማርኛ ሶፍትዌር የሚጠቅምበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። «በ»ን፣ «ቡ»ን እና «ቢ»ን 8 በ6 በሆነ ፍርግርግ ላይ እንሳል። ጥቁሩ ካሬ 1፣ ነጩ 0 ነው።

በ
□■■■■■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□

ቡ
□■■■■■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□
□■□□□■■□
□■□□□■□□
□■□□□■□□

ቢ
□■■■■■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□
□■□□□■□□
□■□□□■■□

በ«በ» እና በ«ቡ» መካከል ያለው ልዩነት 1 ቢት ነው። በ«ቡ» እና በ«ቢ» መካከል ደግሞ ያችው ቢት 2 ረድፍ ወርዳለች። ሌላ ለውጥ የለም። «ብ» ቅጥሏ በግራ ትሆናለች፤ «ባ» የግራ እግሯ ያጥራል፤ «ቦ» የቀኝ እግሯ። እስካሁን ይሄዳል። «ቤ» ላይ ስትደርሱ ግን ቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት ያስፈልጋል፤ መሃሉ ባዶ የሆነ ቀለበት ደግሞ ከ3 በ3 ፒክስል አያንስም። ሲጨመር 8ኛው ዓምድ ይሞላና ከሚቀጥለው ፊደል ጋር ይጣበቃል። ላቲን በ8 ፒክስል ስፋት እንደልቡ የሚቀመጠው፣ ፊደላችን የሚጨናነቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፊደሉን የማያነብ ባለሙያ ስክሪኑን ለማስተካከል ያችን 1 ፒክስል «ትርፍ» ብሎ ቢያነሳት «ቡና» «በና» ይሆናል። የማሽን ስህተት ሳይኖር ቃል ይበላሻል።

መፍትሔው ቦታ መስጠት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የገባው በ1999 ነው። «ጂኤንዩ ዩኒፎንት» የተባለው ነፃ የፒክስል ፎንት ፊደላችንን በ16 በ16 ይስላል፤ ይህም ለአንድ ፊደል 32 ባይት ነው። 33ቱን ፊደላት በ7 ድምፅ ብናባዛ 231 ይመጣል፤ 231 ሲባዛ በ32፣ 7,392 ባይት። 32 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ሁሉም ይገባሉ። 128 በ64 የሆነች ርካሽ ኦሌድ ስክሪን በዚህ መጠን በአንድ መስመር 8 ፊደል፣ በ4 መስመር 32 ፊደል ታሳያለች። የአማርኛ ሰዓት ወይም የአየር ሙቀት ማሳያ ለመሥራት በቂ ነው። እንግዲህ የሳምንቱ ርዕስ «ፊደል» ወይም «ምልክት» ሲሆን ስዕላችሁ ከማሳያነት አልፎ ለፕሮጀክታችሁ ፎንት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ሲላክ የሚበላሸው

ሰዓት ፈጅቶ የተሠራ ስዕል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ሲጫን ነው። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው።

አንደኛው ማጉላት ነው። 16 ፒክስል ስዕል በዛሬ ስልክ ላይ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት ስለሚታይ አጉልታችሁ መላክ አለባችሁ። አብዛኛው ፕሮግራም ሲያጎላ አጎራባች ቀለሞችን ያዋሕዳል፤ ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ለፒክስል ስዕል ግን ጭጋግ ነው። ማጉያው ላይ «ኒረስት ኔበር» የሚለውን ምረጡ፤ እያንዳንዱ ፒክስል ሳይደባለቅ ይባዛል። ብዜቱም ሙሉ ቁጥር ይሁን፦ 16ን በ40 አባዝቶ 640 ማድረግ ትክክል ነው። 16ን ወደ 500 ብትወስዱት ግን ብዜቱ 31.25 ስለሚሆን አንዳንዱ ካሬ 31፣ አንዳንዱ 32 ፒክስል ሆኖ ይዛባል። ድረ ገጽ ለምትሠሩ፣ በሲኤስኤስ «ኢሜጅ ሬንደሪንግ» የሚለውን «ፒክስሌትድ» ማድረግ ብራውዘሩ ራሱ እንዳያደበዝዝ ይከለክለዋል።

ሁለተኛው ጄፔግ ነው። ጄፔግ ስዕሉን በ8 በ8 ክፍል ቆርሶ ያሽጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም 4 አጎራባች ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ እንዲጋሩ ያደርጋል። በጠራ ጠርዝ ዙሪያ የሚታየው አቧራ መሰል ነገር ከዚህ ይመጣል። ሁልጊዜ ፒኤንጂ፣ ለሚንቀሳቀስ ስዕል ደግሞ ጂአይኤፍ ተጠቀሙ። መልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎች ፎቶን መልሰው ስለሚያሽጉ፣ በቴሌግራም ለጓደኛ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።

አንድ ተጨማሪ፦ ለስዕላችሁ የጽሑፍ መግለጫ በአማርኛ ጻፉለት። «ጥቁር ጀበና ማቶት ላይ፣ ከአፉ እንፋሎት እየወጣ» የምትል አንዲት መስመር ማየት ለተሳነው አንባቢ ስዕሉን ትሰጠዋለች።

መሣሪያ

«ኤስፕራይት» በፒክስል ሰዓሊዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው፤ ይሸጣል። ከእሱ የቀድሞ ነፃ ኮድ የወጣው «ሊብረስፕራይት» ያለ ክፍያ ይገኛል። ምንም መጫን ለማይፈልግ «ፒስከል» በብራውዘር ውስጥ ይሠራል። «ክሪታ» እና «ጊምፕ»ም ይሆናሉ፤ ብሩሹን ትታችሁ እርሳሱን፣ 1 ፒክስል አድርጋችሁ፣ ጠርዝ ማለስለሻውን አጥፍታችሁ ተጠቀሙ። ኮምፒውተር ከሌለ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ይበቃል። ሱዛን ኬርም የጀመረችው በዚያ ነው።

ሳምንቱን መከፋፈል

ቻሌንጅ የሚቋረጠው በችሎታ ማነስ ሳይሆን ሁሉም ነገር ለእሁድ ማታ ሲከመር ነው። ርዕሱ በወጣ ቀን 10 ደቂቃ ወስዳችሁ 5 ሐሳብ ጻፉ፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለሆነ ብዙ ጊዜ 3ኛው ወይም 4ኛው ይሻላል። በሳምንቱ መሃል ጥላውን ብቻ አውጡ። አርብ ወይም ቅዳሜ ቀለሙን ጨምሩ። ከዚያ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ እዩት፤ ትናንት ያልታየ ጠማማ ፒክስል ዛሬ ይታያል።

ሰዓቱንም አስሉ። ማብቂያው «እሁድ 23:59 ዩቲሲ» ከሆነ፣ አዲስ አበባና ሪያድ ላለ ሰው ሰኞ ከሌሊቱ 8:59 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዱባይ ላለ አንድ ሰዓት ይጨምራል። ዋሽንግተን ላለ ግን በክረምታቸው ገና እሁድ ምሽት 12:59፣ በበጋቸው 1:59 ነው። ከተለያየ አገር ሆናችሁ በቡድን የምትስሉ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሕጉንም አንብቡ። ከሌላ ሰው ሥራ መቅዳት፣ ፎቶን አሳንሶ «ሳልኩት» ማለት የትም ቦታ ዋጋ የለውም፤ ፒክስል የሚያውቅ ዓይን በአንድ እይታ ይለየዋል። የሌላ ሰው ፓሌት ስትጠቀሙ ስሙን ጥቀሱ። አስተያየት ስትጠይቁም «ያምራል?» ከማለት «ምን ይመስላችኋል? ጀበና መሆኑ ይታያል?» በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጨዋ መልስ ያመጣል፣ ሁለተኛው የሚጠቅም መልስ።

ከ52 ሳምንት 30ውን እንኳ ብትሳተፉ በዓመቱ መጨረሻ 30 ያለቁ ስዕሎች ይኖራችኋል። 30 አይኮን ደግሞ ለአንድ የአማርኛ መተግበሪያ ይበቃል፦ ሲኒ፣ መሶብ፣ ክራር፣ ጃንጥላ፣ ታክሲ፣ የፀሐይና የዝናብ ምልክት። ስክሪን ላይ የሚታየው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሳለው ነገር ብቻ ነው። የዚህ ሳምንት ርዕስ ምንም ይሁን፣ 16 በ16 ባዶ ገጽ ክፈቱና በአንድ ቀለም ጥላውን አውጡ።